የሱፍ ፈታዩ ልጅ

ውድ እህቶቼ፣ ሥራው፣ ሙቀቱ፣ ናፍቆቱ እንዴት አድርጓችኋል? ክርስቲያን እህቶቻችንም ይህችን ወረቀት ተቀባብላችሁ እንደምታነቧት አውቃለሁና ሰላምታዬ ለእናንተም ይድረስ። ዛሬ የማጫውታችሁ ካረፉ ከ900 ዓመት በላይ ስለሆናቸው ሰው ነው። ረጅም ጊዜ ነው አይደል? ግን ስለ ልጅ አስተዳደግ የጻፉትን ስሰማ ልክ እኔን አይተው የተናገሩ ነው የመሰለኝ።

ሰውየው ኢማም አል-ገዛሊ ናቸው፣ አላህ ይዘንላቸው። ስማቸውን ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁታል። እኔ ግን መጀመሪያ ያወቅኋቸው አቧራ ስጠርግ ነው። የምሠራበት ቤት ሳሎን ውስጥ መስታወት ያለው የመጽሐፍ መደርደሪያ አለ። በየሐሙሱ መጽሐፎቹን እያወረድኩ እጠርጋለሁ። ከነሱ መሐል ጀርባቸው ላይ በወርቅማ ቀለም የተጻፈባቸው ወፋፍራም ኪታቦች አሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳወርዳቸውና ስመልሳቸው ምን እንደሆኑ አላውቅም ነበር፤ ክብደታቸውን ብቻ ነው የማውቀው።

እንዴት እንደተከፈቱ ልንገራችሁ። ልጄ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ደሴ አጠገብ እናቴ ዘንድ ያድጋል። ጥዬው ስመጣ ገና ሁለት ዓመት ከመንፈቁ ነበር። በየወሩ ገንዘብ እልካለሁ፤ ከዚያ ላይ ጫማው፣ ደብተሩ፣ የቁርኣን ቤቱ ክፍያ ይወጣል። አንድ ጁምዓ ስደውል ለካ ልጁ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቁርኣን ቤት አልሄደም፤ ወንዝ ዳር ኳስ ሲጫወት ነው የከረመው። ስልኩ ድምፁ ከፍ ብሎ ነበር፤ አክስቶቹም ጎረቤቶቹም ቡና ላይ ተቀምጠው ይሰማሉ። እኔ ንድድ አልኩ። ለሱ ብዬ የሰው ቤት ስጠርግ እንደምውል፣ እሱ ግን ብላሽ ልጅ እንደሆነ፣ ከእንግዲህ ጫማ እንደማልልክለት፣ ያልተናገርኩት ነገር የለም። ከዚያ ወዲያ አራት ጁምዓ ስደውል ወደ ስልኩ አልመጣም። እናቴ ተኝቷል፣ ወጥቷል ትለኛለች፤ ከኋላዋ ድምፁን እሰማዋለሁ።

የማዳም እናት፣ ሃጃ የምንላቸው ትልቅ ሴት፣ እዚያው ቤት ነው የሚኖሩት። እግራቸውን ስለሚያማቸው የምደግፋቸው እኔ ነኝ። ዓይኔ ማበጡን አይተው ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ምንም አልመከሩኝም። ከመደርደሪያው ሦስተኛውን ጥራዝ እንዳወርድላቸው ብቻ ጠየቁኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከምሳ በኋላ ልጆቹ ሲተኙ ትንሽ ትንሽ እያነበቡ ያስረዱኝ ጀመር። የኔ ዐረብኛ የወጥ ቤት ዐረብኛ ነው፤ ለሽንኩርትና ለድስት እንጂ ለኪታብ አይበቃም። አንዷን ገጽ ሦስት ቀን የፈጀንበት ጊዜ አለ። የሰውየውን ሕይወትም የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። እኔም በደብተር እየጻፍኩ ያዝኩት፤ አሁን ለናንተ የማቀርበው እሱን ነው።

ኢማሙ የተወለዱት በ450 ዓመተ ሂጅራ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1058 ነው። አገራቸው ኹራሳን፣ ከተማቸው ጡስ ይባላል፤ ዛሬ ኢራን ውስጥ ማሽሃድ ከተማ አጠገብ ማለት ነው። ሙሉ ስማቸው አቡ ሓሚድ ሙሐመድ ኢብን ሙሐመድ ነው። አባታቸው ሱፍ ፈትለው በትንሽ ሱቃቸው እየሸጡ የሚያድሩ ድኻ ሰው ነበሩ። መጻፍ አልተማሩም፤ ይህ ነገር እስኪሞቱ ድረስ ሲቆጫቸው ኖሯል። ሥራቸውን ሲጨርሱ ዑለማዎቹ ወደሚቀመጡበት ሄደው ከዳር ያዳምጣሉ፤ ያለቅሳሉ፤ አላህ እንደነዚህ ያለ ዐሊም ልጅ እንዲሰጣቸው ይለምናሉ። ሕዝብን በንግግር የሚመክሩ ሰዎች ዘንድ ሲቀመጡ ደግሞ እንደዚያ ያለ ልጅ ይለምናሉ። ሁለቱም ተሰጣቸው። ታላቅየው ሙሐመድ በዚያ ዘመን ተወዳዳሪ ያልነበረው ዐሊም ሆኑ፤ ታናሽየው አሕመድ ደግሞ ሲመክሩ ሰው ልቡ የሚርድላቸው መካሪ። አባትየው ግን አንዱንም ሳያዩ ሞቱ።

መሞታቸውን ሲያውቁ ያደረጉትን ስሙ። አንድ ሱፊ ወዳጅ ነበራቸው፤ ድኻ ግን አላህን የሚፈራ ሰው። ሁለቱን ልጆች ለእሱ አደራ ሰጡ። እሳቸው ያጡትን ትምህርት በልጆቻቸው ማካካስ እንደሚፈልጉ፣ ያጠራቀሟትን ትንሽ ገንዘብ ሁሉ ለዚሁ አሟጦ ቢጨርስም ቅር እንደማይላቸው ነገሩት። ወዳጃቸውም በአደራው መሠረት ገንዘቡ እስኪያልቅ አስተማራቸው።

እዚህ ላይ ሃጃን ትንሽ እንዲቆዩ ለመንኳቸው። አያችሁ፣ አባትየው ገንዘቡን ለሰው ነው የሰጡት፤ መጀመሪያ ሰውየውን መርጠው። እኛ ገንዘብ የምናስተላልፍበትን ሰው ስንመርጥ ስንት ሰው እንጠይቃለን! ማነው የሚታመነው፣ ስንት ይቆርጣል፣ በስንት ቀን ይደርሳል እንላለን። ልጄ ከማን እግር ሥር ተቀምጦ እንደሚቀራ ግን እኔ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም ነበር። ክፍያው መከፈሉን ነው የምጠይቀው።

ገንዘቡ አለቀ። ሱፊው ለራሱም የሌለው ሰው ነበርና ልጆቹን ቁጭ አድርጎ እውነቱን ነገራቸው። ለተማሪ ምግብ ወደሚሰጥ መድረሳ እንዲገቡ መከራቸው። ገቡ። ኢማሙ ትልቅ ሰው ከሆኑ በኋላ ይህን ነገር አልደበቁትም፤ መጀመሪያ ወደ ዕውቀት የሄዱት ለአላህ ብለው እንዳልነበረ፣ ዕውቀቱ ራሱ ግን በኋላ ወደ አላህ እንደጎተታቸው ተናግረዋል። ወሎ ያደግን ይህን እናውቀዋለን። ደረሳ ከአገር አገር ዞሮ፣ የመንደሩን እንጀራ እየበላ ነው የሚቀራው። ማን ያውቃል፣ ለሆዱ የገባ ስንቱ ሼህ ሆኖ ወጥቷል።

ከጡስ ቀጥሎ ለትምህርት ጁርጃን ወደሚባል አገር ሄዱ። ሲመለሱ መንገድ ላይ ሽፍቶች ያዟቸውና ያላቸውን ሁሉ ዘረፏቸው። ወጣቱ ገዛሊ ግን ሽፍቶቹን ተከተሉ። ሊገድሏቸው ሲያስፈራሩ የሚፈልጉት ከመምህራቸው እየሰሙ የጻፉበትን ወረቀት ብቻ መሆኑን፣ ለሌላ ሰው እንደማይጠቅም፣ የደከሙበት ዕውቀት ሁሉ እዚያ ውስጥ እንዳለ ለመኑ። የሽፍቶቹ አለቃ ሳቀ። በአንድ ከረጢት መወሰድ የሚጠፋ ዕውቀት ምኑን ዕውቀት ሊባል እንደሚችል ጠየቃቸው፤ ከዚያም እንዲመልሱላቸው አዘዘ። ንግግሩ ግን ልባቸው ውስጥ ቀረ። በሽፍታ አፍ አላህ ያስተማራቸው መስሏቸው አገራቸው ገብተው ሦስት ዓመት ሙሉ ያንን ወረቀት በቃል ያዙት። ከእንግዲህ ማንም ቢዘርፋቸው ዕውቀታቸው አይወሰድም።

ከዚያ ኒሻፑር ሄደው በዘመኑ ትልቁ መምህር ከነበሩት ከኢማም አል-ጁወይኒ ተማሩ፤ መምህራቸው በ1085 እስኪሞቱ ድረስ አልተለዩአቸውም። ዝናቸው ወጣ። የሰልጁቅ መንግሥት ታላቁ ሚኒስትር ኒዛም አል-ሙልክ ጠሯቸውና በ1091 ባግዳድ በሚገኘው ኒዛሚያ መድረሳ ዋና መምህር ሆነው ተሾሙ። ዕድሜያቸው 33 ገደማ ነው። ሦስት መቶ ተማሪ ከፊታቸው ይቀመጥ ነበር። ልብስ፣ ክብር፣ ገንዘብ፣ ሁሉ መጣ። የሱፍ ፈታዩ ልጅ!

አራት ዓመት ያህል ቆዩ። በ1095 አንድ ቀን ሊያስተምሩ ተቀምጠው ምላሳቸው አልታዘዝ አለ። አንዲት ቃል መናገር አቃታቸው። ምግብም አልወርድ አለ፤ ሐኪሞቹ መድኃኒት የላቸውም፤ ነገሩ የልብ ጭንቀት እንጂ የሥጋ በሽታ እንዳልሆነ ተናግረው ተስፋ ቆረጡ። ኢማሙ በኋላ አል-ሙንቂዝ በተባለው ኪታባቸው ይህን ሁሉ ሳያፍሩ ጽፈውታል። የሚያስተምሩት ለአላህ ነው ወይስ ለስም? ራሳቸውን ሲመረምሩ ለስም ሆኖ አገኙት። ስድስት ወር ያህል በዚህ ሲሰቃዩ ከርመው ቆረጡ፤ ገንዘባቸውን አከፋፈሉ፤ ለልጆቻቸው የሚበቃውን ብቻ አስቀርተው ወደ መካ የሚሄዱ መስለው ከባግዳድ ወጡ። የሄዱት ግን ወደ ደማስቆ ነበር። እዚያ በኡመውያ መስጊድ ሚናራ ላይ በር ዘግተው ለብቻቸው ይውሉ ነበር። ከዚያ ቁድስ፣ ከዚያ አል-ኸሊል፣ ከዚያ መካና መዲና።

አሁን እኔን ያስለቀሰኝ ቦታ መጣ። ያን ያህል ዓለምን ንቀው የወጡ ሰው ለምን ወደ አገራቸው እንደተመለሱ ሲጽፉ ከምክንያቶቹ አንዱ የልጆቻቸው ጥሪ እንደሆነ ነው የሚናገሩት። ሱልጣን ያልመለሳቸውን ሰው ልጆች መለሷቸው። ሃጃ ይህን ሲያነቡልኝ ቀና ብለው አላዩኝም፤ ሆን ብለው ይመስለኛል።

በነዚያ ዓመታት የጻፉት ትልቁ ኪታብ ነው እንግዲህ ያ በየሐሙሱ የምጠርገው፤ ኢሕያእ ዑሉም አድ-ዲን ይባላል፤ የዲን ዕውቀቶችን ሕያው ማድረግ እንደማለት ነው። አርባ ክፍል አለው፤ አርባው በአራት ሩብ ተከፍሏል። ከሦስተኛው ሩብ ሁለተኛው ክፍል ውስጥ ሕፃን ልጅ እንዴት እንደሚያድግ የጻፉት አለ። ብዙ ገጽ አይደለም። ግን እንደኛ ለልጅ ቅርብ ለሆነ ሰው ቃል በቃል የሚታይ ነገር ነው።

መነሻቸው ልጅ በወላጆቹ እጅ ያለ አማና ነው የሚል ነው። ልቡ ምንም ያልተቀረጸበት ንጹሕ ዕንቁ ነው፤ የሚቀረጽበትን ሁሉ ይቀበላል፤ ወዳዘነበሉት ያዘነብላል። ስለዚህ ደግ ቢያስለምዱት እሱም እነሱም ያተርፋሉ፤ እንደ እንስሳ ቢተዉት ጥፋቱ በጠባቂው አንገት ላይ ነው። ዓላማው ታዲያ ልጁን ዐሊም ማድረግ ብቻ አይደለም። አባት ልጁን ከዚህ ዓለም እሳት ይጠብቀው የለ፣ ከወዲያኛው እሳት መጠበቁ ደግሞ ይብሳል ነው ነገሩ።

ከዚያ ወዲያው የሚገቡት የት ይመስላችኋል? ሞግዚት ላይ! ልጁን የምታጠባውም የምታሳድገውም ሴት ዲን ያላት፣ ሐላል የምትበላ መሆን አለባት ይላሉ። አነበብነው፣ ደገምነው። ቁርኣን ቤት ከመድረሱ በፊት፣ ፊደል ከመቁጠሩ በፊት፣ የልጁ መጀመሪያ እሷ ናት። እህቶቼ፣ ይህ ስለ እኛ ነው እኮ። እኛን ሲቀጥሩን ልብስ መተኮስ እንችል እንደሆነ፣ ከዚህ በፊት የት እንደሠራን ይጠይቁናል። ልባችንን የጠየቀን የለም። ኢማሙ ግን ከ900 ዓመት በፊት ጠይቀዋል።

ጥያቄው ደስ ብሎኝ ብቻ አላለፈም። የማዳም ትንሿ ልጅ አራት ዓመቷ ነው። ማዳም ደውላ ልጅቷ ምሳ መብላቷን ስትጠይቀኝ፣ ሳትበላ በልታለች ብዬ የመለስኩበት ቀን ብዙ ነው። ጭቅጭቁን ስለማልችል ነው። ልጅቷ አጠገቤ ቆማ ትሰማለች። አንድ ቀን ጭማቂ ምንጣፍ ላይ ደፍታ ማን እንደደፋው ስትጠየቅ በኔው አነጋገር፣ በኔው ረጋ ያለ ድምፅ ዋሸች። ማንም አላስተማራትም። እኔ ነኝ። ይችው ልጅ ቢስሚላህም የምትለው በኔ ድምፅ ነው፤ እሺ የምትለውም በአማርኛ ነው። ሁለቱንም ከኔ ነው የያዘችው።

ኢማሙ ከዚያ ወደ ማዕድ ይሄዳሉ። ልጅን መጀመሪያ የሚያሸንፈው ሆዱ ነውና ማረም የሚጀመረው ከዚያ ነው። በቀኝ እጁ እንዲበላ፣ በአላህ ስም እንዲጀምር፣ ከፊቱ ካለው እንዲያነሳ፣ ከሌላው ሰው ቀድሞ እንዳይጀምር፣ የሌላውን ጉርሻ አፍጥጦ እንዳያይ፣ ሳይቸኩል አላምጦ እንዲውጥ፣ አንዳንዴም ወጥ የሌለውን ደረቅ ዳቦ እንዲለምድ ይላሉ። አብሮ በላተኛ ሁሉ ፊት ይህን ለልጅ ማስተማር ስንት ቀን እንደሚፈጅ የምናውቀው እኛ ነን። አባቱ ባለው ሀብት፣ በልብሱ፣ በምግቡ በጓደኞቹ ላይ እንዳይኮራ ይላሉ። የባለጸጋ ልጅ ክብሩ መስጠት ውስጥ እንጂ መቀበል ውስጥ እንዳልሆነ፣ የድኻ ልጅም ከሰው መከጀል ውርደት መሆኑን ይማር ይላሉ። ከእባብና ከጊንጥ ይልቅ ወርቅና ብር መውደድን እንዲፈራ አድርጉት ይላሉ። እዚህ ላይ ፈገግ አልኩ፤ ልጄ ስለኔ የሚያውቀው የምልከውን ብር ብቻ መሆኑ ትዝ ብሎኝ።

ቁርኣን ቤት ከገባ በኋላ ቁርኣንና የደጋግ ሰዎችን ታሪክ ይማር ይላሉ፤ ታሪኩ በልጁ ልብ ውስጥ ፍቅራቸውን ይዘራልና። እምነቱን መጀመሪያ በቃሉ ይያዝ፣ ትርጉሙ እያደገ ሲሄድ ቀስ በቀስ ይገባዋል። ሶላትና ንጽሕና የሚጠበቅበት ክፉ ደጉን መለየት ሲጀምር ነው፤ ረመዳንንም ሁሉንም ሳይሆን ጥቂት ቀን እየጾመ ይለምድ። ከፍ ሲል ደግሞ የነገሩ ምክንያት ይነገረው። ትልቅ ሸክም በአንድ ቀን አይጭኑበትም።

ጨዋታ! ከቁርኣን ቤት ሲመለስ ጥሩ ጨዋታ ተጫውቶ የትምህርቱን ድካም ያሳርፍ ይላሉ። ልጅን ጨዋታ ከልክሎ ሁልጊዜ ትምህርት ላይ ማጎር ልቡን ይገድላል፣ አእምሮውን ያደንዛል፣ ሕይወቱን ያስጠላዋል፤ በመጨረሻም ከትምህርቱ የሚያመልጥበት ዘዴ እንዲፈልግ ያደርገዋል። ይህን የጻፉት ያን ሁሉ ኪታብ የተሸከሙ፣ ሚናራ ላይ ዘግተው የተቀመጡ ሰው ናቸው። እኔ ደግሞ ወንዝ ዳር ኳስ ተጫወተ ብዬ ነበር ያንን ሁሉ የጮኽኩት።

ቀጥሎ ስለ ተግሣጽ መጣ፤ ሃጃ ሦስተኛውን ጥራዝ ያስወረዱኝም ለዚህ ኖሯል። ልጅ ደግ ነገር ሲሠራ በሰው ፊት ይመስገን፣ ይሸለምም። አንድ ጊዜ ሲያጠፋ ግን እንዳላዩ ሆኖ ማለፍ ነው፤ በተለይ ልጁ ራሱ አፍሮ ከደበቀው መግለጥ አይገባም፤ ከተገለጠበት ሌላ ጊዜ ደፋር ይሆናል። ከደገመው በድብቅ፣ ለብቻው ይገሠጽ። ወቀሳም አይብዛበት፤ ሲበዛ ጆሮው ይለምደዋል፣ ቃሉም ልቡ ላይ ይቀላል። አባት ቃሉን ይቆጥብ፤ አንዳንዴ ብቻ ይናገር። እናት ደግሞ በአባቱ ታስፈራራው። የኔ ልጅ የሚያስፈራራው አባት አጠገቡ የለም፤ እናቱም የስልክ ድምፅ ናት። እኔ ያለኝ ቃል ብቻ ነው፤ እሱንም ጎረቤት ፊት በተንኩት።

ሁሉንም ግን አልተቀበልኩም፤ ሃጃንም ተከራክሬአቸዋለሁ። መምህሩ ሲመታው ልጁ ሳይጮህ ይታገሥ፣ ጀግና እንደዚያ ነው የሚል ነገር አለበት። እኔ ቁርኣን ቤት የቀራሁት አለንጋ ሥር ነው። አንዳንዱን ሱራ ዛሬም ስቀራ መዳፌ ያቃጥለኛል፤ ይህን ለአላህ ቃል የሚመኝ ማነው? ሃጃም አልተቆጡኝም። ይልቅ የመጀመሪያውን ጥራዝ አስወረዱኝና እኚሁ ኢማም ለመምህራን የጻፉትን አሳዩኝ፤ መምህር ተማሪውን እንደ ልጁ ይመልከት፣ ጥፋቱንም በግልጽ ሳይሆን በዘወርዋራ፣ በማዋረድ ሳይሆን በእዝነት ይመልሰው ይላል። ያኛው ከዚህኛው ይበልጥብኛል። ደግሞ ጽሑፉ ሁሉ የሚያወራው ስለ ወንድ ልጅ ነው። ይገርማችኋል፣ እሳቸው ራሳቸው ሲሞቱ የቀሩላቸው ሴቶች ልጆች ብቻ ናቸው።

ክፍሉ የሚያልቀው በአንድ ልጅ ታሪክ ነው። ሰህል ይባላል፤ ቱስተር የሚባል አገር ሰው፣ በኋላ ታላቅ ወሊይ የሆኑ። የሦስት ዓመት ልጅ ሳሉ ሌሊት እየተነሱ አጎታቸው ሲሰግዱ ያዩ ነበር። አጎትየው አስገድደው አላሰገዷቸውም። አላህ አብሯቸው እንዳለ፣ እንደሚያያቸው፣ ምስክራቸው እንደሆነ የምትገልጽ አጭር ዚክር አስተማሯቸው፤ ልብስ ውስጥ ሲገላበጡ ምላሳቸውን ሳያንቀሳቅሱ በልባቸው ሦስት ጊዜ እንዲሏት። ጥቂት ቀን ቆይተው ሰባት ጊዜ፣ ቆይተው አሥራ አንድ ጊዜ አደረጓት። ልጁ ልቡ ውስጥ ጣዕሟን አገኘ። አያችሁ፣ አባት አይደሉም፣ አጎት ናቸው። መጀመሪያም ያደረጉት ማስተማር ሳይሆን መስገድ ነው፤ ልጁ ያየው እሱን ነው።

ታዲያ እኔ ምን አደረግሁ? ጁምዓ ቡና ላይ መደወሌን ተውኩ። ከዐስር በኋላ ቤቱ ጭር ሲል እደውላለሁ። እናቴ ስልኩን ሰጥታው ወደ ጓሮ ብቻውን እንድትለቀው ነገርኳት። መጀመሪያ ቀን መጣ፤ ዝም አለ። ስለ ቁርኣን ቤት አንድም አላነሳሁም፤ ኳሱን ጠየቅሁት። ስንት ለስንት እንደወጡ፣ በረኛው ማን እንደሆነ። ሁለተኛውም ሳምንት እንዲሁ። በሦስተኛው ሳልጠይቀው ራሱ ነገረኝ። ለካ አንዲት አንቀጽ ተሳስቶ ሲቀራ ኡስታዙ ልጆቹ ሁሉ እያዩት መትቶታል፤ ልጆቹም ስቀውበታል። ከዚያ ወዲህ ነው የቀረው። ለአያቱም አልተናገረም። እኔም ያደረግሁት እኮ ያንኑ ነው፤ ሰው ፊት። እሱ ከኡስታዙ ወደ ወንዝ ሸሸ፣ ከኔ ደግሞ ከስልኩ ሸሸ።

ወንድሜን ልኬ አጠያየቅሁ። አሁን ሌላ ሼህ ዘንድ ነው የሚቀራው፤ በዕድሜ ገፋ ያሉ ናቸው፤ ዐስር ሲሰገድ ልጆቹን ለጨዋታ ይለቋቸዋል አሉኝ። ስማቸውን አውቃለሁ፣ ድምፃቸውንም በስልክ ሰምቻለሁ፤ ሰላም ብያቸዋለሁ። ልጄ ቁልሁወላሁን በስልክ ቀራልኝ። አንድ ቦታ ተሳስቷል። አለፍኩት።

ወደ ኢማሙ ልመለስ። አሥራ አንድ ዓመት ያህል ከመንግሥት መድረሳ ርቀው ከቆዩ በኋላ በ1106 የኒዛም አል-ሙልክ ልጅ ፈኽር አል-ሙልክ ለምነዋቸው ኒሻፑር ላይ እንደገና ማስተማር ጀመሩ። በዚያም ብዙ አልቆዩም፤ ወደ ጡስ ተመልሰው ከቤታቸው አጠገብ መድረሳና የሱፊዎች ማረፊያ ከፈቱ። በመጨረሻ ዘመናቸው ከጻፏቸው አንዷ አዩሃል ወለድ የተባለችው አጭር ደብዳቤ ናት፤ ብዙ ዓመት ከሳቸው የተማረ አንድ ደረሳ ከተማረው ሁሉ ለአኺራ የሚጠቅመው የትኛው እንደሆነ በጠየቃቸው ጊዜ የመለሱለት ናት። እየደጋገሙ ልጄ እያሉ ነው የሚጠሩት። ሐሳቧ ሥራ የሌለበት ዕውቀት አያድንም የሚል ነው። ትንሽ ስለሆነች እሷን ለመጨረስ አሥር ቀን ብቻ ነው የፈጀብን።

ያረፉት በ505 ዓመተ ሂጅራ ጁማደል ኣኺር 14 ቀን ሰኞ ንጋት ላይ ነው፤ በፈረንጆች ታኅሣሥ 1111 መሆኑ ነው። ወንድማቸው አሕመድ እንደተናገሩት ሱብሒ ውዱእ አድርገው ሰገዱ፣ ከፈናቸውን አስመጡ፣ ሳሙት፣ ዓይናቸው ላይ አደረጉት፤ ከዚያ እግራቸውን ዘርግተው ወደ ቂብላ ዞሩ፤ ፀሐይ ሳትወጣ አለፉ። የተቀበሩት እዚያው ጡስ ውስጥ ነው፤ አባታቸው ሱፍ በሸጡበት አገር።

ዐረብኛ የምታነቡ እህቶች የልጅ አስተዳደጉ ክፍል ሦስተኛው ሩብ ውስጥ ነው፤ የምትሠሩበት ቤት መደርደሪያ ላይ ሊኖር ስለሚችል እዩት። ለማታነቡት ደግሞ በአማርኛ የጻፍኩበትን ደብተር ጁምዓ ስንገናኝ ይዤ እመጣለሁ። ጽሑፌ አያምርም፤ ግን ይነበባል።

ወሰላሙ ዐለይኩም፣
እህታችሁ